ቀላሏ ዘንግና የቀበና ውሃ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ክብደቷ ከ100 ግራም ስለማይበልጥ አንዲት ዘንግ ነው። ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እንደምቆጥር፣ ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ እንደምቋጥር አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ። በሁለቱም ሥራ የለመድሁት ትልቅ የሚመስለውን ነገር ማክበር ነበር፤ በባንኩ ትልቅ ሒሳብ፣ በግጥሙ ትልቅ ርዕስ። ዘንጓ ይህን ልማዴን አፍርሳብኛለች። እንዴት እንዳፈረሰችው ልንገራችሁና ፍርዱን እናንተ ስጡ።

ዘንጓን የላከልኝ በኮሎራዶ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ነው። ለበዓል የሚመጣ ወዳጁ በሻንጣው ይዟት መጣ። ከአራት ቁራጭ የተሠራች፣ ስትገጣጠም ከሁለት ሜትር ትንሽ የምትረዝም ጥቁር ዘንግ ናት። ፈረንጆቹ «ፍላይ ሮድ» ይሏታል። ከእርሷ ጋር አንዲት ትንሽ ክር ማጠንጠኛ፣ ብጫ ወፍራም ክርና በጣት ጫፍ የሚያዙ ጥቂት መንጠቆዎች ነበሩ። እናቴ ከከረጢቱ ስትወጣ አይታ፣ «የኔ ልጅ፣ ይህች ለምን ትሆናለች? ለጃንጥላም ቀጠነች» አለች። ምን ብዬ እንደምመልስላት እኔም አላውቅም ነበር።

እንደማንኛውም መንጠቆ ጥሎ አጥማጅ ሰው፣ ዓሣ ማጥመድ ማለት ከባድ ነገር በክር ጫፍ አስሮ መወርወር ይመስለኝ ነበር። የተለመደው ዘንግ አሠራሩ እንዲያ ነው፤ ክሩን የሚጎትተው ጫፉ ላይ የታሰረው እርሳስ ወይም ብረት ነው። የዚህችኛዋ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። በጫፏ ያለው በመንጠቆ ላይ የተጠቀለለ ላባ ስለሆነ ክብደት የለውም፤ ቢወረውሩት ከፊት ወድቆ ይቀራል። ክብደቱ ያለው በክሩ ነው። የዘንጎቹ ቁጥር የሚወጣውም በክሩ ሚዛን ነው፤ የእኔ ሦስት ቁጥር ናት፤ ይህም ማለት የክሩ የመጀመሪያ 9 ሜትር ያህል ሲመዘን 6.5 ግራም ገደማ ነው ማለት ነው። ዘንጓን ወደ ኋላ ስትሰነዝራት ክሩ በአየር ላይ ተዘርግቶ ይወጠራል፤ ውጥረቱ ዘንጓን ቀስት አድርጎ ያጎብጣታል፤ ወደ ፊት ስትመልሳት ጉብጠቷ ሲፈታ ክሩ ተንደርድሮ ይሄዳል፤ ላባዋም የክሩን መንገድ ተከትላ ውሃው ላይ ታርፋለች። ምሥጢሩ ያለው በመካከል ባለችው ፋታ ነው። ክሩ ከኋላህ ተዘርግቶ ሳያልቅ ከቸኮልህ አለንጋ እንደ መቱበት ይጮህና ላባዋ ተበጥሳ ትቀራለች። ከዘገየህም ክሩ ከኋላህ መሬት ይወድቃል።

የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ ነው። በቅርቤ ዘንግ የሚጣልበት ኩሬ ስላልነበረኝ ልምምዴን የጀመርሁት በእንጦጦ ተዳፋት፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል ባለ ሣር ላይ ነው። የአጎቴ ልጅ በስልክ፣ «ክንድህ በዐሥር ሰዓትና በሁለት ሰዓት መካከል ይመላለስ» ብሎኝ ነበር። እኔም የእጅ ሰዓቴን አይቼ፣ በእኛ አቆጣጠር ዐሥር ሰዓትና ሁለት ሰዓት የሚሆነውን አቅጣጫ ይዤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ መሬቱን ከፊትም ከኋላም ስገርፍ ዋልሁ። እርሱ ለካ የሚናገረው በፈረንጅ ሰዓት ኖሯል፤ በእኛ ቢሆን ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ማለቱ ነው! የቅጠል ሸክም ይዘው ቁልቁል የሚወርዱ አንዲት እናት ቆም ብለው ካዩኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ እባብ ነው እንዴ የምትመታው?» አሉኝ። «አይደለም እማማ፣ ዓሣ ለመያዝ እየተለማመድሁ ነው» አልኋቸው። ወደ ተራራው ቀና ብለው፣ ወደ እኔም አይተው፣ «እግዜር ይማርህ» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በሳቅ የተጀመረው ነገር ቁም ነገር የሆነብኝ አባቴን ይዤ የወጣሁ ዕለት ነው። አባዬ የፎገራ ሰው ናቸው፤ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ተወልደው አዲስ አበባ የገቡት በጉርምስናቸው ነው። የእንጦጦን አየር ስለሚወዱ አንዳንድ እሑድ አብረን እንወጣለን። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ክሩ ሲሄድና ሲመለስ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ጠየቁኝ።

«ለመሆኑ በዚህ ስንት ዓሣ ይያዛል?»

«አንድ በአንድ ነው አባዬ።»

«አንድ በአንድ…» አሉና ብዙ ዝም አሉ።

ከዚያ ከዚህ ቀደም ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ። ክረምት ሲገባ የጣና ነጭ ዓሣዎች እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብና በሌሎቹ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይዋኛሉ። ልጆች ሳሉ አባዬና ጓደኞቻቸው የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ዱቄቱን ከወንዙ ጠባብ ቦታ ላይ ይበትኑ ነበር። ብርብራ ዓሣ ያሰክራል፤ ይገድላልም። «እኛ የምንፈልገው ዐሥር ብትሆን ነው፤ የሚንሳፈፈው ግን የትየለሌ ነበር። ትልቁም ትንሹም ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ወንዙን ነጭ ያለብሰዋል። አንድ ቀን አንዷን ብንቀዳት ሆዷ እንቁላል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብርብራ ወቅጬ አላውቅም፤ ለማንም ግን አልተናገርሁም» አሉኝ። አባቴ በ70ዎቹ ዕድሜያቸው ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይዘውት የኖሩትን ነገር ያወጡት እኔ ሣር ላይ ክር ስወረውር አይተው ነው።

ነገሩ የአባዬ የልጅነት ጥፋት ብቻ አይደለም። ከጣና ነጭ ዓሣዎች መካከል ወደ 15 የሚጠጉት ዝርያዎች በዓለም ላይ ከዚያ ሐይቅና ከገባሮቹ በቀር የትም አይገኙም። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይዘልቅም፤ የተደበቀ የሚመስለው ዓሣም ለመረብ ቅርብ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐይቁን ያጠኑ ተመራማሪዎች የእነዚህ ዓሣዎች ቁጥር በእጅጉ ማሽቆልቆሉን ጽፈዋል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ዓሣዎቹ ለመራባት ወደ ወንዝ በሚወጡበት ሰዓት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋቱ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እምቦጭ ታየ። ይህን ሁሉ በጋዜጣ አንብቤው ነበር፤ አንብቤም ገጹን ገልጬ አልፌው ነበር። የአባዬ አንዲት ዓሣ ግን አላሳልፍ አለችኝ።

ወደ ውሃው የሄድሁት በዐቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ነው፤ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ቢሾፍቱ፣ ወደ ባቦጋያ ሐይቅ። መንጠቆዎቼን ያለበስሁት በገና ዶሮ ላባ ነበር። እናቴ አውራውን ስትገነጣጥል ከአንገቱ ቀይ ላባ መርጬ ስለቅም አይታ «ይህ ልጅ ጤናውን አጣ» ብላ አማትባለች። በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት ግን እብደቱ የእኔ ብቻ አይደለም። በ200 ዓ.ም. ገደማ እ.ኤ.አ. ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ጠጉር ጠቅልለው፣ የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረው ወንዝ ላይ እንደሚጥሉ ጽፏል። ከዚያ እስከ እናቴ ማድቤት 1,800 ዓመት አለ፤ ላባው ግን ያው የዶሮ ላባ ነው።

ካያክ ተከራየሁ። ካያክ በመጀመሪያ የሰሜን ዋልታ ሰዎች የሲል ቆዳ በአጥንትና በእንጨት ላይ ወጥረው የሠሯት የአደን ጀልባ ናት፤ አሁን በፕላስቲክ ትሠራለች። ገብቼ ስቀመጥባት የመጣልኝ ግን የጣና ታንኳ ነው። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳም እንደዚሁ ሰውን ከውሃው እኩል አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ውሃ ሲጠጣበት ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይመታል፤ አርጅቶ ሲበቃውም ደረቅ ሣር ሆኖ ይቀራል። ይህን ጥበብ ለዘመናት ጠብቀው የኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው የተቀበሉት ምላሽ ግን ብዙውን ጊዜ ንቀት ነበር። የውሃን ሰው መናቅ አሮጌ በሽታችን ነው። በዕደ ጥበብ ላይ እንዳደረግነው ሁሉ በዓሣ አጥማጅነትም ላይ አድርገነዋል፤ የበላነውን ዓሣ ያጠመደውን ሰው ማዕድ አጠገብ አላስቀመጥነውም።

ባቦጋያ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ ትንሽ፣ ጥልቀቱ ግን ከ60 ሜትር በላይ ነው። ዳር ዳሩን ያዝሁ። በካያክ ላይ ሆኖ ይህችን ዘንግ መያዝ ሌላ ትምህርት ነው። ቁጭ ብለህ ስለምትወረውር የኋላው ክር ከውሃው ጋር ሊጋጭ ይቀርባል፤ ክንድህ ሲፈጥን ጀልባዋ ትናወጣለች፤ ከሰዓት የሚነሣው ነፋስም ቀስ እያለ ፊትህን ወደማትፈልገው ያዞርሃል። ከባድ ዘንግ ቢሆን ኖሮ በግማሽ ሰዓት ትከሻዬ በዛለ ነበር። ይህችን ግን በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ይዤ፣ እስክሪብቶ እንደያዝሁ ነበር የሚሰማኝ። ከሦስት ሰዓት በኋላም እጄ አልደከመም። የደከመው ችኮላዬ ነበር።

እንደምታውቁት በእነዚህ ውሆች የሚበዛው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ በአመዛኙ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ አልጌዎች የሚመገብ ዓሣ ስለሆነ በላባ በቀላሉ አይታለልም። ነገር ግን በመራቢያው ጊዜ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ቦታ አሸዋውን በአፉ እየቆፈረ ክብ ጎጆ ይሠራል፤ ወደዚያ የቀረበ ማንኛውንም ነገር ተወርውሮ ያባርራል። ሴቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ፣ ሲፈለፈሉም ጫጩቶቿን በአፏ ጠብቃ ታሳድጋለች። ይህን ሳውቅ የቀይ ላባዬ ነገር አሳፈረኝ፤ የሰው ቤት ደጃፍ ላይ ጠብ እየጫርሁ መሰለኝ። ስለዚህ ጎጆ ካለበት ራቅ ብዬ፣ ሸምበቆው ጥላ ካጠላበት ጠርዝ ላይ ትንሿን ጥቁር ላባ ጣልሁ።

ስንት ጊዜ እንደጣልሁ አልቆጠርሁም፤ ለባንክ ሠራተኛ ይህ በራሱ ዕረፍት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክሩ ቆመ። ነፋስ መሰለኝ። ከዚያ ዘንጓ ከጫፏ እስከ እጀታዋ ጎብጣ ነዘረች፤ በእጄ ውስጥ የሌላ ሰው ልብ የሚመታ ይመስል ነበር። የወጣው ከመዳፌ ብዙም የማይበልጥ ቆሮሶ ነው። በከባድ ዘንግ ቢሆን መጣሁ ሳይል የሚወጣ ዓሣ፣ በዚህችኛዋ ግን እንደ ትልቅ ተዋግቶ መጣ። የመንጠቆዬን ጋድም ሹል አስቀድሜ በጉጠት ጠፍጥፌው ስለነበር ሳይቀደድ ተላቀቀ። እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ ያዝሁት፤ ጉሮሮው ሁለት ሦስት ጊዜ ተከፈተና ሄደ።

ከዳር መረቡን ሲሰበስብ ያየኝ ወጣት ጮኸብኝ።

«ወንድሜ፣ ለምን ለቀቅኸው? ጾም እኮ ነው፤ ይሸጣል!»

«ለመጫወት ያህል ነው» አልሁት፤ ከአፌ እንደወጣ ጸጸተኝ።

«አንተ የምትጫወትበትን እኔ እበላበታለሁ» አለ፤ አልተቆጣም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለዚያ ወጣት መልስ ለመስጠት ነው። በዘንጓ ላይ የሚነሡት ሌሎች ወቀሳዎች አያስጨንቁኝም። «የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ለሚለኝ፣ እግር ኳስም ከባሕር ማዶ መጥቶ የቤታችን ሆኗል እለዋለሁ። በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ትራውት የሚባለው ዓሣ ከኬንያ መጥቶ ከገባ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ በዚያ በላባ የሚያጠምዱ እንግዶች ሲመጡ የአገሬው ልጆች አብረዋቸው እየሄዱ ይመራሉ። «የሰነፍ ሥራ ነው» ለሚለኝም የእንግሊዙን አይዛክ ዋልተንን እጠቅሳለሁ፤ በ1653 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የዓሣ አጥማጅ መጽሐፍ ከእርስ በርስ ጦርነት በወጣ አገር ስለ ሰላምና ስለ ወዳጅነት የሚያወራ በመሆኑ እስከ ዛሬ ሰው ያነብበዋል። በወንጌልም ቢሆን ሐዋርያው ጴጥሮስ መረቡን ትቶ አንድ መንጠቆ እንዲጥል የታዘዘበት ጊዜ አለ፤ በዓሣው አፍም የሁለት ሰው ግብር የሚከፍል ገንዘብ አገኘ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር እንደ ባንክ ሠራተኛ እስቃለሁ፤ ብድር ሳይጠይቅ የከፈለ ብቸኛው ደንበኛ እርሱ ነው!

የወጣቱ ቃል ግን ቀልድ አያልፈውም። ዓሣ ለእርሱ እንጀራ፣ ለእኔ ደስታ ከሆነ፣ ደስታዬ በምን መብት ከእንጀራው አጠገብ ይቀመጣል? ስፖርተኛ ነኝ ብዬ ብለቀውም መንጠቆዬ ዓሣውን ማስጨነቁ አይቀርም፤ ይህን አልክድም። ለመብላት ያልፈለጉትን ፍጡር ማስጨነቅ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ሙሉ መልስ አለኝ ብዬም አልዋሽም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያች ቀን በፊት ሠላሳ ስንት ዓመት ሙሉ በጾም ዓሣ ስበላ ኖሬ፣ ቆሮሶ ጫጩቶቿን በአፏ እንደምታሳድግ አላውቅም ነበር። በልቼ ያላወቅሁትን፣ ይዤ ስለቅቀው አወቅሁት።

ከዚያ ወጣት ጋር ዳር ላይ ቁጭ ብለን ቆየን። ዓሣው ከዓመት ዓመት እያነሰ፣ የመረቡም ዓይን ከዓመት ዓመት እየጠበበ መምጣቱን ነገረኝ። «ትልቁ ሲያልቅ ትንሹን ለመያዝ እናጠብባለን፤ ትንሹን ስንይዝ ደግሞ ትልቅ የሚሆን ይጠፋል» አለ። የባንክ መጽሐፌ ሁሉ ከዚህ የጠራ የዕዳ ትርጉም የለውም፤ ዋናውን እየበሉ ወለድ መጠበቅ ነው። ከዚያ፣ «ውሃው ራሱስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ውሃውንማ የሚያውቀው ማነው? እናንተ የከተማ ሰዎች ዓሣውን እንጂ ውሃውን አትጠይቁም» አለኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲው መገናኛ ላይ አወረደኝ፤ ከዚያ ወደ ሰፈሬ ስሻገር ድልድዩ ላይ ቆምሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልቁል አየሁ። በክፍለ ከተማችን የሚያልፉት ወንዞች ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች የሚነሡ ናቸው። ከሁሉም የምናውቀው ቀበናን ነው። ከላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ድንጋዩ የሚታይበት ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን አልፎ ወደ ከተማው ሲገባ ግን ስሙ ያው ሆኖ ሌላ ነገር ይሆናል። ሽታው ከእርሱ ይቀድማል። በድልድዩ ላይ የምናልፍ ሁሉ አፍንጫችንን ይዘን ፊታችንን እናዞራለን። እኔም እንዲሁ ሳዞር አድጌአለሁ፤ የቤታችን እጣቢም የሚወርደው ወደዚያው ነው።

ውሃው ደግሞ እኛ ፊታችንን ስላዞርን አይቆምም። ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፤ ከአባ ሳሙኤል ወደ አዋሽ፤ አዋሽም ወደ ቆቃ። በቆቃ ዓሣ ይጠመዳል፤ ዓሣውም ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይመጣል። እንግዲህ በእኔ ሰፈር ድልድይ ሥር የሚወርደው ነገር ዙሮ ከማዕዴ ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል ለመረዳት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፤ የወንዙን መንገድ በጣት መከተል ይበቃል። ይህን መንገድ በትምህርት ቤት በጂኦግራፊ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። በጣቴ የተከተልሁት ግን በዚያ ምሽት ነው፤ ጣቴ ገና ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።

የእኔ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። ሰው የሚጠብቀው የሚያየውን ነው፤ የሚያየውም ደስ የሚለውን ነው። በመመሪያና በቅጣት ብቻ የተጠበቀ ወንዝ የለም። በእንግሊዝ አገር፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ የደርቢ አካባቢ ተራ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ወንዛቸውን የመረዙትን ፋብሪካ፣ የከተማውን አስተዳደርና የኤሌክትሪክ ባለሥልጣኑን በአንድ መዝገብ ከስሶ ረታ፤ ፍርድ ቤቱም ወንዙን መበከላቸውን እንዲያቆሙ አዘዘ። ከሳሾቹ ሊቃውንት አልነበሩም፤ በዕረፍት ቀናቸው ዘንግ ይዘው ወንዝ ዳር የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ወንዙ ሲታመም ያወቁት በየሳምንቱ ስለሚጎበኙት ነው። እኛ ቀበናን የሚጎበኝ ማን አለን?

በ2011 ዓ.ም. የሸገር ማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሆኖ የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ እንዲለማ ሥራ ተጀምሯል፤ እንጦጦም በ2013 ዓ.ም. የተከፈተ ፓርክ አለው። በአበባና በመንገድ የተዋበ ዳርቻ ማየት ደስ ይላል፤ እኔም ከሚደሰቱት አንዱ ነኝ። ነገር ግን የዳርቻው ውበት ለውሃው ምስክር አይሆንም። ለወንዝ እውነተኛው ምስክር በውስጡ የሚኖረው ነው። አንድ ቀን በቀበና ድልድይ ሥር አንድ ልጅ በቀጭን ዘንግ አንዲት ትንሽ ዓሣ ይዞ መልሶ ሲለቅቃት ካየን፣ ያን ጊዜ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው። መለኪያው ይኸው ይሁን እላለሁ፤ ርካሽ ነው፤ ሪፖርትም አይሻም።

ለእናንተ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ አንድ ለየት ያለ ነገር አለኝ። ስለ ዓባይ ያልገጠመ ገጣሚ በአገራችን ጥቂት ነው። እኔም ሦስት ግጥሞች አሉኝ፤ ሦስቱንም የጻፍሁት ዓባይን ሳላይ ነው። በየቀኑ ስለምሻገረው ቀበና ግን አንድ ስንኝ አልነበረኝም። በክሩ ጫፍ ከባድ ብረት አስሬ በሩቁ ስወረውር የኖርሁ ይመስለኛል፤ ትልቅ ስም፣ ትልቅ ድምፅ። ቀላሏ ዘንግ ያስተማረችኝ ክብደቱ በስሙ ጫፍ ላይ እንዳልሆነ ነው። እስኪዘረጋ መታገሥ፣ ከዚያም አጠገብ ያለው ውሃ ላይ በቀስታ ማሳረፍ ነው።

ባለፈው እሑድ ከአባዬ ጋር ወደ ቀበና መነሻ ወጣን። ውሃው ከጉልበት አይዘልቅም፤ ዓሣም አላየሁበትም። ዘንጓን ገጣጥሜ ለእሳቸው ሰጠኋቸው። መንጠቆ አላሰርሁባትም፤ ላባዋን ብቻ በክሩ ጫፍ ቋጥሬ ነበር። አባዬ ተነሥተው፣ ኮታቸውን ከጀርባቸው አስተካክለው፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሰነዘሩ። አልቸኮሉም። ክሩ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ጠበቁትና ወደ ፊት መለሱት፤ ላባዋ ሣር ላይ እንደምታርፍ ወፍ ውሃው ላይ አረፈች። እኔ ሦስት ወር የፈጀብኝን እሳቸው በአንድ ጊዜ ሠሩት። ላባዋ ከውሃው ጋር እየወረደች ክሩ እስኪያልቅ በዓይናቸው ተከተሏትና፣ «ይህ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በጣቴ አሳየኋቸው። ማታውን ይህችን ጻፍሁ፤

ቀበና ወንዜ ሆይ፣ ከላይ የጠራኸው፣
በሰፈራችን በር መልክህን ማን ነጠቀው?
ዘንግ ይዤ ብመጣ፣ ዓሣ እንኳ ባይኖርህ፣
አንድ ሰው ቆሞ አየህ ብዬ ነው ልነግርህ።
ክሬን ብወረውር፣ ባዶውን ቢመለስ፣
ዕዳዬን ያዝልኝ እስክትጠራ ድረስ።